በቀድሞው የምክር ቤት አባል ዱካ፦ ከኒው ሴለም እስከ ስፕሪንግፊልድ የአራት ቀን ማስታወሻ

ረቡዕ፤ ከቺካጎ ወደ ኒው ሴለም

እኔ በተፈተንሁበት ጊዜ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ካጠናናቸው መቶ ጥያቄዎች መካከል አብርሃም ሊንከን ከሠራቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱን እንድንጠቅስ የሚጠይቅ ነበር። እኔም እንደ ብዙው የቺካጎ ሐበሻ «ባሮችን ነፃ አወጣ» የሚለውን መልስ በቃሌ ይዤ ዜግነቴን አገኘሁ፤ ሰውየው ከዚያ በፊት በምን ይተዳደር እንደነበረ ግን ለብዙ ዓመታት አልጠየቅሁም። ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1834 እስከ 1842 ድረስ (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በአራት የምርጫ ዘመን የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበር። ጦርነቱንና ኋይት ሐውስን ለሌሎች ትቼ ይህንን ስምንት ዓመት ብቻ ተከትዬ ለመሄድ ወሰንሁ።

በጠዋቱ ባቡር ከቺካጎ ተነሥቼ ከሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ጉዞ በኋላ ስፕሪንግፊልድ ወረድሁ፤ ከዚያም መኪና ተከራይቼ ወደ ሰሜን ምዕራብ 20 ማይል ያህል ነዳሁ። ወሩ ጥቅምት ስለሆነ በቆሎው ግማሹ ታጭዷል፤ ያልታጨደውም ደርቆ በነፋሱ ይንኮሻኮሻል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የለም፤ ኒው ሴለም ግን ከሳንጋሞን ወንዝ በላይ ባለ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች።

መንደሯ ዛሬ ነዋሪ የላትም። በ1840 ገደማ ሰዎቹ ጥለዋት ሄደው ነበር፤ አሁን የሚታዩት የግንድ ቤቶች በ1930ዎቹ እንደገና የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከጥንቱ የተረፈው የበርሜል ሠሪው የኦንስታት ቤት ብቻ ነው። ሊንከን እዚህ የደረሰው በ1831፣ በ22 ዓመቱ፣ ጭነት ይዞ ቁልቁል ሲወርድ የነበረው ጠፍጣፋ ጀልባ በወፍጮው ግድብ ላይ ተሰክቶ በመቅረቱ ነው። ያን ዕለት ወዳያት መንደር ተመልሶ መጥቶ የሱቅ ሻጭ ሆነባት፤ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1832፣ ለግዛቱ ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ በጋዜጣ አስታወቀ። በማስታወቂያው ላይ ወጣት እንደሆነና ብዙዎች እንደማያውቁት አልደበቀም። ዋናው ጉዳዩ ግን ወንዙ ነበር፤ ሳንጋሞን ቢጠረግና ጠመዝማዛው ቢቃና መርከብ ይገባበታል የሚል።

ወደ ወፍጮው ወርጄ ወንዙን አየሁት። ቡናማና ቀርፋፋ ውኃ ነው፤ ከወዲያኛው ዳር የተጣለ ግንድ ግማሹን ዘግቶታል። በዚያው በ1832 የጸደይ ወራት ታሊስማን የምትባል በእንፋሎት የምትሠራ መርከብ በእርግጥ ሽቅብ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ግን ውኃው ጎደለባትና እንድታልፍ የግድቡ አንድ ወገን መፍረስ ነበረበት። መርከቧን ከመሩት ሰዎች አንዱ ተወዳዳሪው ሊንከን ራሱ ነው። ለመራጮቹ ተስፋ የሰጠበት ነገር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከማንም ይልቅ በእጁ ዳስሶ ያወቀው እሱ ነበር ማለት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ተስፋውን አላጠፈም።

እኛ «ድምፅ መስጠት» የምንለው ነገር በዚያ ዘመን ኢሊኖይ ቃል በቃል እንዲሁ ነበር። መራጩ በጸሐፊዎቹ ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጎረቤቱም፣ አበዳሪውም፣ ተወዳዳሪውም ይሰማሉ። በነሐሴ 1832 ሊንከን ከ13 ተወዳዳሪዎች ስምንተኛ ወጥቶ ተሸነፈ፤ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ያለውን ጊዜ ከቀደምት አሜሪካውያን ጋር በተደረገው በብላክ ሆክ ጦርነት ዘማችነት ስላሳለፈው ቅስቀሳ ለማድረግ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። በኒው ሴለም የምርጫ ጣቢያ ግን ከ300 መራጮች 277ቱ ስሙን ጠሩለት። የሚያውቁት መርጠውታል፤ የቀረው እንዲታወቅ ብቻ ነበር።

የሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይህንን ሠሩለት። ከሽርካው ከቤሪ ጋር የከፈተው ሱቅ ከስሮ፣ እሱ ራሱ እየቀለደ «ብሔራዊ ዕዳ» ይለው የነበረውን ዕዳ ተሸከመ። በ1833 የመንደሯ የፖስታ ሹም ሆነ፤ ለሰው የመጣውን ጋዜጣ ሁሉ ያነብ ነበር። ከዚያም ምክትል የመሬት ቀያሽ ሆኖ የሳንጋሞን ካውንቲን (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር ነው) በሰንሰለት እየለካ ዞረ። የቅስቀሳ መድረክ ሳይሆን የቀያሽ ሰንሰለትና የፖስታ ከረጢት እንደመረጡት ማሰብ እወዳለሁ። በነሐሴ 1834 በ1,376 ድምፅ ሁለተኛ ወጥቶ ከተመረጡት አራት ሰዎች አንዱ ሆነ። በምክር ቤት ፊት የሚቀርብበት ልብስ ስላልነበረው ኮልማን ስሙት ከሚባል ገበሬ 200 ዶላር ተበደረና በ60ው ሙሉ ልብስ አሰፋ። ለመንግሥት ሥራ የወጣው በብድር ልብስ ነው።

አመሻሹ ላይ በአቅራቢያው ባለችው በፒተርስበርግ አደርሁ። የዚህችን ከተማ መንገዶችና ቦታዎች በ1836 የቀየሰው እሱ ራሱ ነበር፤ ኒው ሴለም ስትሞት ብዙው ሰው ወደዚህ ነው የተዛወረው።

ሐሙስ፤ ቫንዳሊያ

ከስፕሪንግፊልድ እስከ ቫንዳሊያ 75 ማይል ያህል ነው። እኔ ቡናዬ ሳይበርድ ደረስሁ ልበል፤ እሱ ግን በኅዳር መጨረሻ በመንገደኛ ሠረገላ ሲንገላታ ከአንድ ቀን በላይ ፈጅቶበታል። ጉባኤው ታኅሣሥ 1 ቀን 1834 ሲከፈት ከ55ቱ የታችኛው ምክር ቤት አባላት 36ቱ እንደ እሱ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። የቀን አበሉ 3 ዶላር ሲሆን፣ ለአንድ ባለ ዕዳ ቀያሽ ይህ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ሕግ እንዲያጠና የገፋፋው የካውንቲው ባልደረባና የማደሪያ ጓደኛው ጆን ቶድ ስቱዋርት ነበር፤ በመጀመሪያው ጉባኤ ብዙ አልተናገረም፤ ሰው ሲናገር ግን አዳመጠ፤ ለሌሎችም ረቂቅ ሕግ ይጽፍ ነበር።

የዛሬዋ ቫንዳሊያ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ያ ከምሥራቅ የመጣ ብሔራዊ መንገድ የሚባለው ጥንታዊ ጎዳና ያበቃው እዚህ ነው። በመካከሏ ነጭ ቀለም የተቀባው ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። ታሪኩ ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ሕጉ ቫንዳሊያ ዋና ከተማ የምትሆነው ለ20 ዓመት ብቻ እንደሆነ ወስኖ ነበር፤ ጊዜው ሲቃረብ፣ የቀድሞው ሕንፃም ሲያረጅ፣ የከተማው ሰዎች በ1836 በጋ አፍርሰውት ጉባኤው እንደገና ከመሰብሰቡ በፊት በጥቂት ወራት ውስጥ ይህንን በጥድፊያ ገነቡ። አዲስ ቤት ካየ ማን ይሄዳል ብለው ነው። አባላቱ ገብተው ሲቀመጡ የግድግዳው ልስን ገና እርጥብ ነበር፤ በዚያው እርጥብ ግድግዳ መካከልም ዋና ከተማዋን ከቫንዳሊያ ለመንጠቅ ድምፅ ሰጡ።

ወደ ፎቁ ወጥቼ በጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ጠረጴዛዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ብርሃኑ ከረጃጅም መስኮቶች ይገባል። ከተመልካች ሌላ ሰው አልነበረም። ያኔ እዚህ ከተቀመጡት መካከል ከሳንጋሞን ካውንቲ የመጡት ሁለት የላይኛው ምክር ቤት አባላትና ሰባት እንደራሴዎች «ዘጠኙ ረጃጅሞች» ይባሉ ነበር፤ ቁመታቸው ተደምሮ 54 ጫማ ይሆናል ይባላል። ሊንከን 27 ዓመቱ ቢሆንም የቡድኑ መሪ እሱ ነበር። ሥራቸውም አንድ ነበር፤ ዋና ከተማው ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር ማድረግ።

እዚህ ላይ የ1837ን አንድ ሳምንት ብቻ ነጥዬ ልናገር፤ የዚህ ሰው የምክር ቤት ሕይወት በሙሉ በዚያች ሳምንት ውስጥ ተጠቅልሎ ያለ ይመስለኛልና።

የካቲት 27 ቀን የሀገር ውስጥ ልማት የተባለው ግዙፍ ሕግ ጸደቀ። ግዛቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል በቦንድ ተበድሮ በየአቅጣጫው የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋና ወንዞች ሊጠርግ ነው። ሐዲድም ወንዝም ላልደረሳቸው ካውንቲዎች ሳይቀር ማስታገሻ የሚሆን 200,000 ዶላር ተመድቦላቸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው ቆጠራ የግዛቱ ሕዝብ 476,183 ብቻ ነበር። በማግሥቱ፣ የካቲት 28 ቀን፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው በአራተኛው ዙር ስፕሪንግፊልድ በ73 ድምፅ ዋና ከተማ ሆና ተመረጠች። የሁለቱ ቀናት መከታተል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ የሚያምን አልነበረም፤ ዘጠኙ ረጃጅሞች ለየወረዳው ሐዲድ ድምፃቸውን ሰጥተው በምላሹ ለስፕሪንግፊልድ ድምፅ ሰብስበዋል ተብለው በተቃዋሚዎቻቸው ተከሰዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ «እከክልኝ ልከክልህ» የምንለው ማለት ነው። እኔ ክሱን ለማመን አልቸገርም፤ ነገር ግን ሊንከን ሐዲዱን የደገፈው ለመለዋወጫ ብቻ ነው ብዬ አላስብም፤ በኒው ሴለም ወንዝ ዳር የቆመ ሰው እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣበት መንገድ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

ከዚያም መጋቢት 3 ቀን፣ ጉባኤው ሊበተን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሊንከንና የካውንቲው ባልደረባ ዳን ስቶን አንድ የተቃውሞ ጽሑፍ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አስደረጉ። በጥር ወር ምክር ቤቱ ባርነት እንዲቀር የሚታገሉትን ማኅበራት የሚያወግዝ ውሳኔ በ77 ድምፅ ድጋፍ በ6 ተቃውሞ አሳልፎ ነበር፤ ከስድስቱ አንዱ ሊንከን ነው። የሁለቱ ሰዎች ጽሑፍ ባርነት በግፍና በመጥፎ ፖሊሲ ላይ የተመሠረተ ነው ይልና ባርነትን የማስወገዱ ስብከት ግን ክፋቱን ከመቀነስ ይልቅ ያብሰዋል ብሎ ያክላል። ዛሬ ሲነበብ ግማሹ ያኮራል፣ ግማሹ ያሳፍራል። የቀረበበትን ቀን ልብ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይታየዋል፦ በጥር ድምፁን ሰጥቶ ዝም ያለው ሰው ጽሑፉን ያወጣው የዋና ከተማው ድምፅ ካለቀና ከታሸገ በኋላ ነው። ማንንም ሳያስቀይም የሚፈልገውን ካገኘ በኋላ ተናገረ። ስቶንም ቢሆን ዳግም የሚወዳደር አልነበረም፤ ሊንከን ግን ነበር። ከ23 ዓመት በኋላ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ስለ ሕይወቱ በጻፈው አጭር ማስታወሻ ላይ ይህንኑ ተቃውሞ አንሥቶ አቋሙ ያኔም አሁንም ያው መሆኑን አስታውቋል።

ለሐበሻ አንባቢ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በ1836 ምርጫ ላይ ሊንከን ግብር የሚከፍሉ ወይም መሣሪያ የሚይዙ «ነጮች ሁሉ»፣ ሴቶችም ሳይቀሩ፣ ድምፅ ይስጡ ብሎ ጽፎ ነበር። ስለ ሴቶች የተናገረው በጊዜው ድፍረት ነበር፤ «ነጮች» የሚለውን ቃል ግን እኔ በዚያ አዳራሽ ቆሜ ዘልዬ ላነብበው አልቻልሁም።

ስወጣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የፎቁን መስኮት በጣታቸው እያሳዩኝ ሊንከን ዘሎ የወረደው ከዚህ እንደሆነ በኩራት ነገሩኝ። አመስግኜ ዝም አልሁ። ዘሏል፤ ግን እዚህ አይደለም።

ዓርብ፤ ስፕሪንግፊልድ

ሚያዝያ 15 ቀን 1837 ሊንከን በተዋሰው ፈረስ፣ ንብረቱን በሁለት ኮርቻ ከረጢት ይዞ ዋና ከተማ ወዳደረጋት ከተማ ገባ። የሕግ ፈቃዱን ካገኘ ጥቂት ወራት ነበር። በጆሹዋ ስፒድ ሱቅ ገብቶ የአልጋና የፍራሽ ዋጋ ሲጠይቅ 17 ዶላር ተባለ፤ አልነበረውም። ስፒድ ከሱቁ በላይ ያለውን አልጋውን እንካፈል አለው፤ ሊንከን ከረጢቱን ፎቅ አውጥቶ ተመለሰና መጣሁ፣ ገባሁ አለ።

አሮጌው ምክር ቤት በከተማው አደባባይ መካከል ነው፤ በአቅራቢያው ከነበረ የድንጋይ ካባ የወጣ ቢጫማ ኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ድንጋዩ እየተቆጠረ ተፈትቶ እንደገና ተገንብቷል። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ሐምሌ 4 ቀን 1837 ነው። ከተማው ለሕንፃው 50,000 ዶላር ለማዋጣት ቃል ገብቶ ስለነበር፣ የመጨረሻው ክፍያ ሲደርስ ገንዘብ ጠፋ፤ በ1838 መቶ አንድ ነዋሪዎች የባንክ ብድር ሰነድ ፈረሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ሊንከን ነው። ይህንን ከነገሩኝ ሁሉ በላይ ወደድሁት፤ በምክር ቤት በድምፁ ያመጣውን ነገር ሂሳብ ሲመጣ በፊርማው የተካፈለ ተመራጭ ብዙ አላውቅም።

የሌላው ዕዳ ግን እንዲህ በፊርማ የሚዘጋ አልሆነም። የልማት ሕጉ በጸደቀ በጥቂት ወራት ውስጥ የ1837 የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ቦንዱን የሚገዛ ጠፋ፤ ሐዲዱ ግን በሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ እንዲጀመር ስለተወሰነ አንዱም እንደታቀደው በሙሉ አላለቀም። ሊንከን ፕሮግራሙ እንዳይተው እስከ መጨረሻው ተሟገተ። በ1841 ግዛቱ የዕዳውን ወለድ መክፈል አቃተው። ከታሰበው ሁሉ አገልግሎት ላይ የዋለው ከሜሬዶዢያ ወደ ስፕሪንግፊልድ የመጣው አንድ መስመር ሲሆን፣ እሱም በ1847 በሐራጅ በ21,100 ዶላር ተሸጠ። ከቫንዳሊያ እስከዚህ ድረስ ባነበብኋቸው የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ላይ ስለ ባርነት ተቃውሞው በየቦታው ተጽፏል፤ ስለዚህ ውድቀት ግን የሚነበበው ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የምክር ቤት አባልን ሥራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሊያነብ የሚገባው ይኸኛውን ነው እላለሁ። መራጮቹም አልረሱትም፤ በ1840 ለአራተኛ ጊዜ ተመረጠ፣ ነገር ግን ከካውንቲው ከተመረጡት ሁሉ ያነሰውን ድምፅ ይዞ ነው። በ1838ም በ1840ም የፓርቲው የዊጎች ዕጩ ሆኖ ለአፈ ጉባኤነት ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፏል፤ ያሸነፈው የቫንዳሊያ ጠበቃ የነበረው ዊልያም ዩዊንግ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ ልመለስ። በታኅሣሥ 1840 አዲሱ ሕንፃ ስላላለቀ የታችኛው ምክር ቤት የሚሰበሰበው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ዴሞክራቶቹ ልዩ ጉባኤው እንዲዘጋ ፈልገዋል፤ ከተዘጋ የግዛቱ ባንክ ወረቀቱን በወርቅና በብር የመመንዘር ግዴታው ይመለስበታል። ዊጎቹ ባንኩን ለማዳን ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ ብለው ቀሩ፤ ሊንከንና ጥቂት ባልደረቦቹ ብቻ ሁኔታውን ለመከታተል ገቡ። ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ሲያውቁ በሩ ስለተዘጋባቸው ሦስት ሆነው በመስኮት ዘለሉ። ከንቱ ነበር፤ ስማቸው አስቀድሞ ተመዝግቦ ነበርና ጉባኤው ተዘጋ። ተቃዋሚ ጋዜጦች እግሩ ረጅም ስለሆነ መሬቱ ቅርብ ነው እያሉ ተሳለቁበት። እሱ ራሱ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲነሣ ደስ አይለውም ነበር ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ የለም፤ ምናልባት የቫንዳሊያው አዛውንት መስኮቱን ወደ ከተማቸው ለመውሰድ የደፈሩት ለዚህ ይሆናል፤ ዋና ከተማ ለተወሰደበት ሰው አንድ መስኮት ብዙ አይደለም።

በዚሁ በአሮጌው ሕንፃ አዳራሽ ሰኔ 16 ቀን 1858 «እርስ በርሱ የተከፋፈለ ቤት» የሚለውን ንግግር አድርጓል፤ በግንቦት 1865 አስከሬኑ ያረፈው በዚያው አዳራሽ ነው። ከፊቱ ባለው ደረጃ ላይ ደግሞ የካቲት 10 ቀን 2007፣ ስምንት ዓመት ያህል የኢሊኖይ ሴኔት አባል የነበሩት ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደራቸውን አስታውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሁኑ ምክር ቤት ሄድሁ። ጉልላቱ 361 ጫማ ነው፤ ከዋሽንግተኑ ይበልጣል። 118 እንደራሴዎችና 59 ሴናተሮች አሉት። ጉባኤ ስላልነበረ በኮሪደሩ የሚሰማው የጽዳት ሠራተኛዋ ጋሪ ድምፅ ብቻ ነበር። የግዛት ምክር ቤት ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለማስታወስ አንድ ነገር ይበቃል፦ እስከ 1913 ድረስ የአሜሪካን ሴኔት አባላት የሚመርጡት ሕዝቡ ሳይሆን እነዚህ ምክር ቤቶች ነበሩ። ሊንከን በ1854 ለምክር ቤቱ እንደገና ተመርጦ ነበር፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ለሴኔት እንዲመርጠው ስለፈለገ መቀመጫውን ሳይዘው ተወው። በማሟያ ምርጫው መቀመጫውን ዴሞክራት ወሰደው፤ በየካቲት 1855 ደግሞ በመሪነት የጀመረውን የሴኔት ውድድር ደጋፊዎቹን ለሌላው ዕጩ ለላይማን ትራምቡል ለቅቆ ወጣ። በ1859 መጀመሪያም ያው ምክር ቤት ከእሱ ይልቅ ስቲቨን ዳግላስን በ54 ለ46 መረጠ፤ ዳግላስ በ1836 ቫንዳሊያ ላይ አብሮት ገብቶ የነበረ ሰው ነው።

ቅዳሜ፤ ወደ ቺካጎ

ጠዋት ኦክ ሪጅ መቃብር ደርሼ ጎብኚ ሁሉ እየዳበሰ ያበራውን የነሐስ አፍንጫውን አየሁ፤ አልነካሁትም። መኪናዬን መልሼ ባቡር ጣቢያ ገባሁ።

ባቡሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ከሳንጋሞን ካውንቲ ወጥቶ ሎጋን ካውንቲ ይገባል። የሳንጋሞን ሰዎች ካውንቲያችን ሰፋ፣ ወደ ፍርድ ቤት መሄጃው ራቀን ብለው ሲያመለክቱ፣ በ1839 ሳንጋሞን ተከፍሎ አዳዲስ ካውንቲዎች ወጡ፤ ሕጉን በምክር ቤት ካስኬዱት አንዱ ሊንከን ነው። ረቡዕ ያደርሁባት ፒተርስበርግ መናገሻ የሆነችላት ሜናርድ ካውንቲም ያን ጊዜ ነው የተወለደችው። ሐዲዶቹ ተሸጡ፤ ወንዙ አልተጠረገም፤ እነዚህ ድንበሮች ግን ያኔ በተሰመሩበት አካባቢ ዛሬም አሉ፤ ግብር የሚከፈለው፣ መንገድ የሚጠገነው፣ ዳኛ የሚቆመው በእነሱ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊንከን ከተማ ላይ ቆምን። ስሟ የወጣላት በ1853፣ እሱ ገና የባቡር ኩባንያ ጠበቃ ሳለ፣ ለመሥራቾቿ ሰነዱን ሲያዘጋጅላቸው ነው፤ በምረቃው ቀን ሐብሐብ ሰንጥቆ በጭማቂው እንደባረካት ይተረካል፤ ለማስታወሻም በጣቢያው አጠገብ የሐብሐብ ቅርጽ ያለው ሐውልት ቆሟል። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወረደች፤ ልጆቹ ወደ ሐብሐቡ ሮጡ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። የካውንቲውን መጨረሻ ለማየት በመስኮቱ ብዙ ጠበቅሁ፤ ከወዲህም ከወዲያም ያው በቆሎ ስለሆነ የት ላይ እንዳለፍነው አላወቅሁም።